ከጭብጨባ እስከ ጡረታ፦ በሙዚቃዊ ተውኔት የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሥራና የኑሮ ጎዳና

አንድ አንጋፋ የመድረክ ሰው በጠና ሲታመም ወይም በዕድሜ ገፍቶ ከሥራ ሲርቅ፣ በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች የእርዳታ ጥሪ ሲተላለፍ መስማት በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሕዝቡም ዘመኑን ሙሉ ያዝናናውንና ያስተማረውን ባለሙያ በችግሩ ቀን አይተወውም፤ እጁን ይዘረጋል። ይህ ደግነት የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ከጥሪው ጀርባ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ። ለ30 እና ለ40 ዓመታት የተከናወነ ሥራ፣ ትውልድ ያጨበጨበለት ሙያ፣ ለሕመምና ለእርጅና ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ሳያስቀር የሚያልፈው ስለ ምንድን ነው?

ለጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ የክፍያ ማነስ ነው። የክፍያው ማነስ እውነት ቢሆንም ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ሥራው በሰነድ አለመያዙ ነው። በቃል ስምምነት የተሠራ ትርኢት፣ ሳይቀረጽ የቀረ ዜማ፣ የጡረታ መዋጮ ያልተከፈለበት የልምምድ ወር፣ ጭብጨባው ሲያበቃ አብረው ይጠፋሉ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለዚህ ሙያ እጅግ ይስማማል።

ይህ ትንታኔ በቴአትር፣ በሙዚቃና በውዝዋዜ ሠልጥነው ለሚወጡ ወጣቶች፣ ለወላጆቻቸውና በዘርፉ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ከሥልጠና በኋላ ያሉትን የሥራ መስኮች፣ በየመስኩ ባለሙያውን የሚጠብቁትን ሕጎችና በጊዜው ሊጠናቀቁ የሚገባቸውን ጉዳዮች ይመለከታል።

የሙያው አመጣጥና የቅጥር መልኩ

ሙዚቃዊ ተውኔት ታሪክን በንግግር ብቻ ሳይሆን በዜማ፣ በግጥምና በውዝዋዜ አዋሕዶ የሚያቀርብ የመድረክ ጥበብ ነው። በሀገራችን ዘመናዊ ተውኔት ከጅምሩ ከዜማ ጋር የተቆራኘ ነበር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ባለቅኔ፣ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ በተውኔቶቻቸውም ግጥምና ዜማ ሰፊ ቦታ ነበራቸው። በዚያው ዘመን ከአርመናውያኑ «አርባ ልጆች» ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ሙዚቃን በማስተማርና በመቀመር ለመድረኩ ዕድገት አስተዋጽኦ አድርገዋል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ንግግርን፣ መዝሙርንና ድራማን በአንድ መድረክ እያቀረበ ሕዝቡን ለሀገሩ ነጻነት ያነቃቃ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር፣ ተዋንያንን፣ ድምፃውያንን፣ ተወዛዋዦችንና የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም እንዲሁ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ መሻገሩ የዚያን ዘመን የሥራ ጎዳና ያሳያል። ባለሙያው ከአንዱ ተቋም ወጥቶ ወደ ሌላው ቢገባም የሚሄደው ከቅጥር ወደ ቅጥር ነበር። አስናቀች ወርቁም ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊትና ተዋናይት ሆና በእነዚሁ ቤቶች ስትሠራ፣ ዛሬ «ሙዚቃዊ ተውኔት» የምንለውን ሙያ በአንድ ሰው አሳይታለች።

ይህን ታሪክ ማስታወስ ያስፈለገው ለቁጭት አይደለም። የቀድሞው ባለሙያ ደመወዙ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በተቋም የተቀጠረ በመሆኑ ፋይል፣ የአገልግሎት ዘመንና የጡረታ መብት ነበረው። የዛሬው ባለሙያ ግን የሥራ ምርጫው በእጅጉ ቢሰፋም አብዛኛው ሥራው በትርኢት፣ በክፍልና በፕሮጀክት የሚታሰብ ነው። ቀድሞ ተቋሙ ይይዝለት የነበረውን ማኅደር ዛሬ ራሱ መያዝ ይኖርበታል።

ሠልጣኙ ይዞ የሚወጣው ሙያ

በአሁኑ ወቅት ሥልጠናው በአብዛኛው በቴአትር፣ በሙዚቃና በውዝዋዜ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእስክንድር ቦጎሲያን ስም የተሰየመው የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ኮሌጅ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤትንና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በሥሩ ይዟል። በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ከዚህም ሌላ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት፣ በቴአትር ቤቶች የአጭር ጊዜ ሥልጠናዎችና በግል ማሠልጠኛዎች የሚያልፉ ወጣቶች አሉ።

ከእነዚህ ቦታዎች የሚወጣ ሠልጣኝ «ተዋናይ ነኝ» ወይም «ድምፃዊ ነኝ» ሲል ራሱን ከሚገባው በላይ ያጠባል። በእርግጥ ይዞ የሚወጣው የብዙ ሙያዎች ጥምረት ነው። ድምፁን መግራት፣ ጽሑፍን አንብቦ መተንተን፣ ዜማን ሰምቶ መያዝ፣ ሰውነቱን በልኩ ማንቀሳቀስ፣ በሰዎች ፊት ያለ ፍርሃት መናገር፣ በተሰጠው ቀንና ሰዓት ከሌሎች ጋር ተባብሮ ሥራን ማድረስ ይችላል። ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የመድረክ አመራርን፣ የብርሃንና የድምፅ ቅንብርን፣ የአልባሳት ዝግጅትን ያውቃል። የሥራ ማመልከቻ ሲያቀርብ እነዚህን ዘርዝሮ መጻፍ ያስፈልገዋል። ቀጣሪው ከዲግሪው ስም ይልቅ ሥራውን የሚሠራለት ችሎታ መኖሩን ማወቅ ይፈልጋልና።

በሥራ ገበያው ያሉ ዋና ዋና መስኮች

የመጀመሪያው መስክ መድረኩ ራሱ ነው። የመንግሥት ቴአትር ቤቶች ተዋንያንን፣ ድምፃውያንንና ተወዛዋዦችን በቋሚነት ይቀጥራሉ፤ ይሁንና ክፍት የሥራ መደቦች የሚወጡት በየጊዜው አይደለም፤ በየዓመቱ የሚመረቀውን ሁሉ ማስተናገድም አይችሉም። ቴአትር በግል የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም አዳራሽ እየተከራዩ ያሳያሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ ከመድረክ ሌላ ገቢ ያልነበራቸው ባለሙያዎች የደረሰባቸው ችግር፣ በአንድ መስክ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አሳይቷል።

ሁለተኛው መስክ ቴሌቪዥንና የድምፅ ትወና ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ለድምፅ ተዋንያን ከዚያ በፊት ብዙም ያልነበረ የሥራ በር ከፍቷል። እንደ አቦል ያሉ ጣቢያዎችም በሀገር ውስጥ የሚዘጋጁ ተከታታይ ድራማዎችን ያቀርባሉ። በዚህ መስክ የሙዚቃዊ ተውኔት ሠልጣኝ ብልጫ አለው። የትንፋሽ አጠቃቀምና የምት ስሜት ያለው ሰው ንግግርን ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ማስማማት አይከብደውም። ክፍያው ግን በክፍል ወይም በሰዓት የሚታሰብበት ጊዜ ስለሚኖር የውሉ ይዘት ከሁሉ በፊት መታየት አለበት።

ሦስተኛው መስክ የራዲዮ ድራማና የማኅበራዊ ተግባቦት ሥራ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በራዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች የሥነ ተዋልዶ ጤናንና የኤች አይ ቪ ጉዳይን ለአድማጭ አድርሷል። ዛሬም ጤናን፣ ሰላምን፣ የሕፃናት ጥበቃንና የመንገድ ደኅንነትን የሚመለከቱ መልእክቶች በድራማ፣ በዘፈንና በጎዳና ትርኢት ይቀርባሉ። ሥራው የሚገኘው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ነው። አሠሪዎቹ ውል፣ ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ሰነዱ ያልተሟላለት ቡድን ችሎታ ቢኖረውም ከጨረታው ውጭ ይሆናል።

አራተኛው መስክ ማስተማር ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት ራሱን ችሎ ለተማሪዎች እንዲሰጥ ተደርጓል። ሙዚቃ፣ ቴአትርና ውዝዋዜ በአንድ የትምህርት ዓይነት መጠቃለላቸው ሦስቱንም የሚያውቅ መምህርን የሚጋብዝ ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በጥበብ መመረቅ ብቻውን ለመምህርነት እንደማያበቃ ነው። ትምህርት ቢሮዎች የመምህርነት ሥልጠና ማስረጃ ይጠይቃሉ። በመሆኑም ወደ ማስተማር የሚያዘነብል ተመራቂ የሚጠበቅበትን ተጨማሪ ሥልጠና በሚኖርበት ክልል ወይም ከተማ ትምህርት ቢሮ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ዓመታትን ከማባከን ይድናል።

አምስተኛው መስክ የራስን ቡድን ማቋቋም ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ የአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ልጆች ታሪክ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በዚያ ከሠለጠኑት መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው የውዝዋዜ ቀማሪ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አግኝቷል፤ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። ሠልጣኝ የነበረው ራሱ አሠልጣኝና ቀጣሪ መሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አልባሳት መግዛት፣ የልምምድ ቦታ መከራየትና የድምፅ መሣሪያ ማሟላት ለአንድ ሰው የሚከብድ ሲሆን ለተደራጀ ቡድን ግን የሚቻል ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ በባህላዊ ምግብ ቤቶች፣ በሆቴሎች፣ በሠርግና በስብሰባ መክፈቻዎች የሚቀርቡ ትርኢቶች ለብዙ ተወዛዋዦችና ድምፃውያን የዕለት ገቢ ምንጭ ናቸው። የማስታወቂያ ሥራና የዝግጅት አስተዳደርም እንዲሁ። የብዙ ባለሙያዎች እውነተኛ ኑሮ ከእነዚህ መስኮች የሁለቱ ወይም የሦስቱ ድምር ነው። ቀን ተማሪ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይቀርጻል፤ ማታ መድረክ ላይ ይቆማል። ይህ የውድቀት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የሙያው የዛሬ መልክ ነው። አደጋው ያለው ከሦስቱ አሠሪዎች አንዱም ባለሙያውን በሰነድ ሳያውቀው ሲቀር ነው።

ቅጥር ወይስ በራስ ኃላፊነት የሚሠራ ሥራ?

በዘርፉ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሣው ይህ ልዩነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠብቀው በአሠሪ መሪነት፣ በደመወዝ የሚሠራን ሠራተኛ ነው። በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት፣ ለተወሰነ ዋጋ አንድን ሥራ ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለ ሰው ግን በአዋጁ አይሸፈንም፤ ግንኙነቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። አንድ ተወዛዋዥ ዘወትር በተመደበለት ሰዓት እየገባ፣ በኃላፊ ትእዛዝ እየሠራ፣ በየወሩ የሚከፈለው ከሆነ ሠራተኛ ነው። ለአንድ ምሽት ትርኢት በስምምነት ዋጋ ተጋብዞ የሚያቀርብ ከሆነ ግን ሠራተኛ ላይባል ይችላል።

ልዩነቱ የቃላት አይደለም። በልምምድ ላይ ጉልበቱ የተጎዳ ተወዛዋዥን እንውሰድ። ሠራተኛ ከሆነ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ በመሆኑ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት። በራሱ ኃላፊነት የተዋዋለ ከሆነ ግን በውሉ ላይ ስለ ሕክምና ምንም ካልተጻፈ ወጪውን ራሱ ሊሸከም ይችላል። ስለሆነም በትርኢት የሚሠራ ባለሙያ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን በልምምድና በትርኢት ጊዜ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ማስፈር ይኖርበታል።

ሠራተኛ ለሆነው ባለሙያ ሕጉ የሚሰጣቸው፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይጠየቁ ሦስት መብቶች አሉ። አንደኛ፣ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥያቄው መቅረብ ያለበት ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወራት ውስጥ ነው። «ቴአትሩ ገቢ ሲያስገባ እከፍላለሁ» የሚለውን ተስፋ ይዞ ዓመት የጠበቀ ሠራተኛ፣ መብቱ በይርጋ ሊታገድበት እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ዜማው፣ ቃሉና እንቅስቃሴው የማን ነው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለመድረክ ባለሙያው ትልቅ ሀብት ነው። ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ድራማ፣ ከሙዚቃ ጋር የተዋሐደ ድራማና የውዝዋዜ ቅንብር ይገኛሉ። የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዕረፍቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ተዋናዩ፣ ድምፃዊውና ተወዛዋዡም ቢሆኑ ሥራውን ባያመነጩትም በክዋኔያቸው ላይ የራሳቸው መብት አላቸው፤ ያለፈቃዳቸው ክዋኔያቸውን መቅረጽ፣ ማባዛትና ማሰራጨት አይቻልም።

እዚህ ላይ ለሙዚቃዊ ተውኔት ባለሙያዎች በተለይ የሚያስፈልግ ነጥብ አለ። ጥበቃው የሚገኘው ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ቢሆንም ሥራው ወጥ መሆኑና ግዙፍነት ማግኘቱ፣ ማለትም በጽሑፍ፣ በኖታ ወይም በቅጂ መልክ መያዙ ግድ ነው። በልምምድ አዳራሽ ውስጥ ተፈጥሮ በአካል ብቻ ከተዋናይ ወደ ተዋናይ የተላለፈ የውዝዋዜ ቅንብር፣ በሌላ ሰው መድረክ ላይ ሲታይ «የእኔ ነው» ለማለት አስቸጋሪ ይሆናል። በስልክ የተቀረጸ፣ ቀኑና የአቀናባሪው ስም የታወቀ የልምምድ ምስል እንኳ ከምንም ይሻላል። ሥራውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ክርክር ቢነሣ በማስረጃነት ያገለግላል።

ሌላው ጉዳይ ቅጥርን ይመለከታል። አንድ ባለሙያ ተቀጥሮ በሥራው አጋጣሚ ያመነጨው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የዜማ ደራሲ ወይም የውዝዋዜ አቀናባሪ ሆኖ የሚቀጠር ሰው፣ ትርኢቱ በቴሌቪዥን ቢተላለፍ ወይም በበይነ መረብ ቢጫን ድርሻው ምን እንደሚሆን ከመፈረሙ በፊት መነጋገር አለበት። ከፈረመ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ለሽምግልና ካልሆነ በቀር ብዙ አቅም የለውም።

የ10 ዓመቱ ስሌት

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ለሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ለአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ መዋጮ ይደነግጋል። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ተዋናይ በወር 700 ብር ሲከፍል አሠሪው 1,100 ብር ይጨምራል። በስሙ የሚገባው በድምሩ 1,800 ብር ነው ማለት ነው። ባለሙያው «የሚቆረጠው ይቅርብኝ፣ ሙሉውን በእጄ ስጠኝ» ብሎ ሲስማማ ያዳነው 700 ብር ሲሆን፣ ያጣው የአሠሪውን 1,100 ብርና የወሩን የአገልግሎት ዘመን ነው።

ዋናው ነጥብ ይህ የአገልግሎት ዘመን ነው። በ60 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ ወርኃዊ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት የተመዘገበ አገልግሎት ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ያገለገለ ሰው የሚያገኘው በየወሩ የሚከፈል አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ነው። አንዲት ተመራቂን በምሳሌነት እንውሰድ። በየዓመቱ ለ4 ወራት ያህል በቅጥር ውል ትሠራለች፤ የቀሩትን ወራት በየግብዣው ትርኢት ታሳልፋለች እንበል። በ30 ዓመታት ውስጥ የቅጥር ወራቷ ሲደመሩ 120 ይሆናሉ፤ ይህም ልክ 10 ዓመት ነው። የ30 ዓመት ልፋቷ ጡረታ የሚያስገኝላት ከእነዚህ ወራት አንዱም ሳይመዘገብ ካልቀረ ነው። አንድ አዘጋጅ መዋጮዋን ሳይከፍል ቢቀር፣ ለዕድሜ ዘመን የሚሆነው አበል በጥቂት ወራት ጉድለት ሊያመልጣት ይችላል።

ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። በአንድ በኩል ባለሙያው እያንዳንዱን የቅጥር ወር በዓይነ ቁራኛ መከታተል እንዳለበት ያስገነዝባል። በሌላ በኩል ደግሞ ለቋሚ ቅጥር የተቀረጸ ሥርዓት በወቅትና በፕሮጀክት ለሚሠራ ሙያ ጠባብ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ክፍተት በግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ቴአትር ቤቶች፣ አዘጋጆች፣ የሙያ ማኅበራትና የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት በጋራ ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ወደ ውጭ ሀገር የሚደረግ ጉዞ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በበዓላትና በልዩ ዝግጅቶች የሀገር ቤት ትርኢቶችን መጋበዛቸው ለባለሙያዎች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ወደ አሜሪካ ለትርኢት የሚጓዝ የባህል ቡድን የሚስማማው የቪዛ ዓይነት አለ፤ ጥያቄውን በቅድሚያ የሚያቀርበውም በዚያ የሚገኘው አሠሪ ወይም ወኪል ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ በክፍያ ትርኢት ማቅረብ በቀጣይ የጉዞ ዕድልን ሊዘጋ ይችላል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት በድምፃዊነትና በተወዛዋዥነት ለመሥራት የሚደረግ ጉዞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት በአዋጅ የሚመራ ሲሆን፣ ስምሪቱ ሕጋዊ ፈቃድ ባላቸው ኤጀንሲዎችና በጸደቀ ውል መከናወን አለበት። ውሉ የሥራውን ዓይነትና ቦታ በግልጽ የማይጠቅስ ከሆነ፣ ደላላው ክፍያ በእጅ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይስተካከላል» የሚል ከሆነ ጉዞውን ማቆምና ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማጣራት ያስፈልጋል።

ተገልጋዮች ከወዲሁ ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከላይ የተዘረዘረውን መሠረት በማድረግ፣ በዘርፉ የሠለጠነ ማንኛውም ሰው የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች ቢፈጽም ይመከራል።

1. በሚኖሩበት ወረዳ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ሥራ ፈላጊ ሆነው ይመዝገቡ። ሲመዘገቡም ከትምህርት ማስረጃዎ በተጨማሪ የድምፅ፣ የውዝዋዜ፣ የመሣሪያና የመድረክ ቴክኒክ ችሎታዎን ለየብቻ ያስመዝግቡ።

2. ያለ ዲግሪ በልምድ ወይም በአጭር ሥልጠና የተካኑ ከሆነ፣ በሙያዎ የብቃት ምዘና የሚሰጥ መሆኑን ጠይቀው ይመዘኑ። የምዘና የምስክር ወረቀት ለቅጥርም ለመደራጀትም ይጠቅማል።

3. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ተደራጅታችሁ ሕጋዊ ሰውነትና የንግድ ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገውን በወረዳው ጠይቁ።

4. ያለ ጽሑፍ ውል ልምምድ አይጀምሩ። ውሉ ቢያንስ የልምምዱን ጊዜ፣ የትርኢቶቹን ቁጥር፣ የክፍያውን መጠንና ቀን፣ ለጉዳት ተጠያቂውን፣ የቀረጻና የሥርጭት መብትን ይያዝ። ሰፊ ሰነድ ባይሆንም ሁለቱ ወገኖችና ምስክሮች የፈረሙበት አንድ ገጽ ይበቃል።

5. በቅጥር የሚሠሩ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይጠይቁ፤ መዋጮዎ በየወሩ ገቢ መደረጉን ያረጋግጡ። ሥራ ሲለቁ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት ሳይቀበሉ አይሂዱ።

6. ያመነጩትን ዜማ፣ ግጥም፣ ተውኔትና የውዝዋዜ ቅንብር በጽሑፍ ወይም በቅጂ ይያዙ፤ በሚመለከተው ባለሥልጣን ያስመዝግቡ።

7. የትርኢት ማስታወቂያዎችን፣ የዝግጅት መግለጫዎችንና ውሎችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ማኅደር ያኑሩ። ለቅጥር ውድድር፣ ለቪዛ ጥያቄና ለክርክር የሚፈለገው ማስረጃ ይኸው ነው።

8. ክፍያ ካልተፈጸመልዎ ወይም ውል ከፈረሰብዎ ጊዜ ሳያጠፉ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለሚመለከተው ፍርድ ቤት ያመልክቱ።

እነዚህ ጉዳዮች ጠቅላላ መረጃ እንጂ የሕግ ምክርን የሚተኩ አይደሉም፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ በያዘው ውልና ማስረጃ ይወሰናል።

ማጠቃለያ

ልጃቸው ቴአትርና ሙዚቃ መማር እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ብዙ ወላጆች «ምን ሊበላ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍቅር የሚመነጭ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ከላይ እንደታየው ችግሩ ሥራ ጨርሶ አለመኖሩ አይደለም። ሥራው በመድረክ፣ በስቱዲዮ፣ በመማሪያ ክፍልና በማኅበረሰቡ መካከል ተበታትኖ ይገኛል፤ ሠልጣኙም በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ሊያገለግል የሚችል ሙያ አለው። የጎደለው እነዚህን የተበታተኑ ሥራዎች አንድ የአገልግሎት ዘመን የሚያደርጋቸው ሰነድ ነው።

ስለሆነም ለዛሬው ተመራቂ የሚቀርበው ምክር ጥበቡን ትቶ ሌላ ሥራ ፈልግ የሚል አይደለም። የመጀመሪያ ትርኢቱን ባቀረበ ማግስት፣ የመጀመሪያ ውሉን በማኅደር ውስጥ እንዲያኖር ነው። አሠሪዎችም የባለሙያውን ስም በማስታወቂያው ላይ በጉልህ እንደሚያትሙት ሁሉ በጡረታ መዝገብም ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል።